ኤሚር ኒሀንን ይወዳታል ትላላችሁ? (የቱርክ ድራማና የእህቴ ጉዳይ)

የጦሳ_ልጅ (ደሴ)

ሰላም እንዴት ናችሁ፣ በተለይ የደሴና የኮምቦልቻ ሰዎች እስቲ የምታስቡትን ንገሩኝ። ነገሩ ስለ ቱርክ ድራማ ነው ግን ድራማ ብቻ ሆኖ አልቀረም፣ ለዛ ነው እዚ ያመጣሁት።

ታናሽ እህቴ 21 ዓመቷ ነው፣ ኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ትማራለች። ቃና በ2008 ሲጀምር ልጅ ነበረች፣ እኛ ቤት ደግሞ እንደማንኛውም ሰው ቤት ቡና ይፈላል ጎረቤት ይሰበሰባል ቲቪ ይከፈታል፣ ኩዚ ጉኒ አለ ከዛ ጥቁር ፍቅር አለ፣ እሷ እናቴ እግር ስር ቁጭ ብላ ነው ያየችው። አሁን ሙሉውን ክፍል አታይም፣ ቲክቶክ ላይ ቆራርጠው ዘፈን አስገብተው የሚለጥፉት አለ አይደል እሱን ነው። የሚገርመኝ ደግሞ አብዛኛው የከማል አይደለም፣ የኤሚር ነው።

ጥቁር ፍቅርን ላላያችሁት ኤሚር ማለት ኒሀንን በግድ ያገባት ሀብታሙ ሰውዬ ነው። መንታ ወንድሟ ኦዛን ሰው ገደልኩ ብሎ ያመነበት ሌሊት አለ፣ ኤሚር ነገሩን ሸፈነና ማስረጃውን ይዞ ካላገባሽኝ ወንድምሽ አለቀለት አላት፣ እሷም የምትወደውን ከማልን ትታ አገባችው። ከዛ በኋላ የት ገባች የት ወጣች እያስከተለ ነው ሚያኖራት።

እህቴ እጮኛ አላት፣ ከፋሲካ በኋላ ሽማግሌ ሊልክ ነው። ልጁ ጥሩ ስራ አለው፣ ቤት ሲመጣ እጁ ባዶ አይሆንም፣ እናቴ በጣም ትወደዋለች። ግን ባለፈው ቅዳሜ ከኮምቦልቻ በሚኒባስ አብረን ስንመጣ ያየሁት ከአይኔ አልጠፋም። ሐረጎን ስንወጣ ኔትወርክ ይቆራረጣል ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፣ ደውሎ አልገባለትም መሰለኝ፣ በመጨረሻ ሲገባ ሰላም እንኳን ሳይላት ቪድዮ አድርጊው አላት፣ አደረገችው፣ ዙሪያውን አሳዪኝ አላት። ስልኩን አዙራ መጀመሪያ እኔን ከዛ ከጎናችን የተቀመጡትን አባት ከዛ ረዳቱን አሳየችው፣ አባትየው አፍረው ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። እሷ ግን ምንም አልመሰላት። የስልኳን ኮድም ያውቀዋል፣ የሷን ሜሴጅ ከሷ በፊት ሚያነበው እሱ ነው።

ወርደን ሳናግራት ያለችኝን ልንገራችሁ፣ "ስለሚወደኝ እኮ ነው፣ ኤሚርም እኮ ኒሀንን ከማንም በላይ ነው ሚወዳት" አለችኝ። እናቴ ደግሞ ከጎን ሆና "ወንድ ልጅ ካልቀና ምኑን ወደደ" አለች።

እና ጥያቄዬ፣ እንዲ አይነት አስተሳሰብ ድራማው ነው ያመጣው ትላላችሁ ወይስ ድሮም የኛ ነው? ሁለተኛ እንዴት ነው ማናግራት፣ በግድ ልለያያት አልፈልግም።

ሰላም_ከፒያሳ

እህቴ ድራማውን ተይው። ኤሚር እኮ በታሪኩ ውስጥ ራሱ ክፉው ሰው ነው፣ ደራሲዎቹ ጥሩ ነው አላሉም። አያቴ ቲቪ ሳይኖር ነው የተዳረችው፣ በ13 ዓመቷ፣ ማን አስተማራቸው? ቱርክ ነው? ልጁ ተቆጣጣሪ ነው በቃ፣ ስለ ልጁ አውሩ። ድራማ ላይ ካላከክነው እኛ ወንዶች የምናደርገውን ማንም አይጠይቀንም ብዬ ነው።

ኡሙ_ሀያት (ሸዋ በር)

ልጄ ጽሁፍሽን አንብቤ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። እኔ የቱርክ ድራማ የጀመርኩት ቃና ከመምጣቱ በፊት ነው፣ ሪያድ ሰው ቤት ስሰራ። በ2008 በፈረንጆቹ ኑር ሚባል ነበር፣ ቱርኮቹ ጉሙሽ ነው ሚሉት፣ ኤምቢሲ ሚባለው የአረብ ጣቢያ በሶሪያ አማርኛ ... እንዴት ብዬ ልበል በሶሪያ ሰው አነጋገር ተርጉሞት ሚገባ አረብኛ ነው። ማዳሜ ከነእህቶቿ ሳሎን ይሞላሉ እኔ ሻይ እያመላለስኩ ቆሜ ነው ማየው። ትልቁ ሙፍቲ አወገዙት፣ እነሱ ግን አላቆሙም፣ የመጨረሻው ክፍል ሲተላለፍ 85 ሚሊዮን ሰው አየው ብሎ ጣቢያው አወራ።

ለምን እንደዛ እንዳበዱለት ሁሌ አስበው ነበር። የድራማው ልጅ ቆንጆ ነው እሱስ ልክ ነው፣ ሙሀነድ ነበር ሚሉት። ግን ቆንጆ ስለሆነ አልነበረም ሚያለቅሱት። አያትየው ናቸው ልጅቷን የዳሩለት፣ እንደኛው በቤተሰብ ነው የተጋቡት፣ ከዛ ግን ቀስ እያለ ይወዳታል፣ ልብስ ዲዛይን ስትሰራ በርቺ ይላታል፣ ሲያጠፋ ይቅርታ ይጠይቃታል፣ ይሰማታል። ማዳሜ አንድ ቀን ሻይዋን እንደያዘች "ባሌ ስሜን ጠርቶኝ አያውቅም" አለችኝ፣ ለኔ ለሰራተኛዋ። ወላሂ እስከዛሬ ድምጿ ጆሮዬ ላይ አለ።

ስለዚ የቱርክ ድራማ ሴትን ያዋርዳል ሲሉ ሙሉ በሙሉ አልስማማም ልጄ። ያን ጊዜ ያየነው ባል ከሚስቱ ጋር ሲያወራ ነው፣ እኛም ማዳሞቹም ያጣነው እሱን ነበር። በኋላ የመጡት ናቸው ክንድ ሚጨመድዱት፣ ግድግዳ ላይ አስደግፈው ሚጮሁት፣ ከዛ ሙዚቃው ይለሰልስና ይቅር ትለዋለች። እሱን ሳይ ሪሞቱን ነው ማነሳው።

ሁለተኛውን ጥያቄሽን ልመልስ። እናትሽን አትጋፊያት፣ ቅናት ፍቅር ነው ብላ ነው ያደገችው እኔም እንደዛ ነው ያደግኩት። ግን ሽማግሌ ከመምጣቱ በፊት ልጁ ካደገበት ሰፈር ሰው አስጠይቂ። ሀብቱን አይደለም፣ ከእህቶቹ ጋር እንዴት ነው፣ እናቱ ፊት ድምፁን ያነሳል ወይ፣ ይሄን ሰፈር ያውቀዋል። ወሎ ሙስሊም ክርስቲያኑ ተጋብቶ ሚኖረው ተጠያይቆ ነው፣ ዝም ብሎ አልነበረም።

ቦርከና_ማዶ (ኮምቦልቻ)

እትዬ ኡሙ ሀያት ቃልዎ ልብ ይነካል ረጅም እድሜ ይስጥዎ። እኔ የአዋሽ ኮምቦልቻ ሐራ ገበያ ባቡር ሲሰራ ከያፒ መርከዚ ኩባንያ ቱርኮች ጋር ሰርቻለሁ፣ ስለዚ የሰዎቹን ኑሮ ትንሽ አይቻለሁ። እዚ ኮምቦልቻ ቱርክ ሲመጣ ሰፈር ውስጥ ያሉ ሴቶች የከማል ወንድም የመጣ ነው የመሰላቸው፣ የመጡት ግን ቡትስ ያደረጉ ጠዋት ማታ በትንሽዬ ብርጭቆ ሻይ ሚጠጡ ሰዎች ናቸው። አለቃዬ የነበረው ሰው ሚስቱ አስተማሪ ናት፣ ማታ ማታ ደውሎ የልጁን የቤት ስራ በስልክ ነበር ሚያሰራው። ድራማዎቹ ላይ ባህር ጠርዝ ያለውን ቪላ እሱም በቲቪ ነው ሚያየው።

አንዴ ስለ ድራማዎቹ ጠየቅኩትና አንድ ነገር ነገረኝ ከዛ በኋላ አስተያየቴ ተለወጠ። እነሱ ሀገር አንድ ድራማ በሳምንት አንድ ቀን ነው ሚተላለፈው፣ ግን አንዱ ክፍል ሁለት ሰዓት ያልፋል፣ ማስታወቂያ ሲገባበት ምሽቱን ሙሉ ይወስዳል። ለኛ የሚመጣው ተቆራርጦ ነው። በየሳምንቱ አንድ ፊልም የሚያክል ነገር መሙላት ካለባቸው ሰዎቹ ቁጭ ብለው ከተነጋገሩ ታሪኩ ያልቃል። ስለዚ አይነጋገሩም። እሷ ምስጢር ትይዛለች፣ እሱ ይጠራጠራል፣ በር ላይ ቆመው ይተያያሉ ይተያያሉ፣ ሙዚቃ፣ ማስታወቂያ። ፈሪሃን አስታውሱ፣ የዘበኛ ልጅ መሆኗን ለምትወደው ልጅ ብትነግረው ኖሮ ስንት ክፍል ይቀር ነበር።

እህትሽ ታዲያ ፍቅር ማለት መጠራጠርና መደባበቅ መስሏት ብታድግ አይገርመኝም። ዝም መባባሉ ለነሱ የገበያ ጉዳይ ነው፣ እኛ ጋር ሲደርስ ግን የፍቅር አካሄድ ይመስላል። ለዛ ነው ከሰላም_ከፒያሳ ጋር ማልስማማው፣ ስምንት ዓመት ሙሉ በየቀኑ ያየሽው ነገር ምንም አይተውብሽም ማለት አልችልም።

ሰላም_ከፒያሳ

ይሄ ገብቶኛል ወንድሜ። ግን ልጁስ? እሱ ድራማ ሚያይ አይመስለኝም።

ቦርከና_ማዶ (ኮምቦልቻ)

አያይ ይሆናል፣ እሷ ግን ማየቷ ይበቃዋል። ሲቆጣጠራት ስሙን ፍቅር ብላ ምትጠራለት እሷ ናት እኮ።

ጠበቃ_ነኝ_ግን

ሁለት ነገር ልጨምር፣ ስራዬ ስለሆነ ነው።

የኒሀን ጋብቻ እኛ ሀገር ቢሆን ጋብቻ አይደለም። የ1992ቱ የፌደራል የቤተሰብ ሕግ አንቀጽ 14ን እዩት፣ ፈቃድ በኃይል ተገኘ የሚባለው ራስን ወይም ወላጅን ወይም ልጅን ወይም ሌላ የቅርብ ዘመድን ከከባድና ሊደርስ ከተቃረበ አደጋ ለማዳን ተብሎ የተሰጠ ሲሆን ነው ይላል። ወንድም የቅርብ ዘመድ ነው። ለቤታችን ሰው ይሄን ሳስረዳ ሁሌ ኒሀንን ነው ምጠቅሰው፣ ወዲያው ይገባቸዋል።

ሁለተኛው ፋትማጉል ሚባለው ድራማ ነው፣ ከ2010 እስከ 2012 እ.ኤ.አ ቱርክ ላይ የታየ፣ ቤረን ሳት የሰራችው። አንዲት የገጠር ልጅ በሀብታም ልጆች ትደፈራለች፣ ነገሩ እንዲዳፈን ቦታው ላይ ለነበረው ድሃ ልጅ ለኬሪም ይድሯታል፣ የወንድሟ ሚስት ገንዘብ ትቀበላለች። ይሄ ታሪክ ከየትም አልመጣም፣ በቱርክ የድሮው የወንጀል ሕግ የደፈረ ሰው ተጎጂዋን ካገባ ከቅጣት ያመልጥ ነበር፣ አዲሱ ሕጋቸው ሰኔ 2005 እ.ኤ.አ ስራ ላይ ሲውል ነው ያ የቀረው። አሁን የኛን እዩት። የ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊው ካገባት ይተወው ነበር። እሱም የቀረው አዲሱ የወንጀል ሕግ ግንቦት 1 ቀን 1997 ስራ ላይ ሲውል ነው፣ በፈረንጅ ቆጠራ ያው 2005፣ ከቱርክ ጋር የሚለያየን የሳምንታት ጉዳይ ነው። አሁን አንቀጽ 587 ጠለፋን ከ3 እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት ያስቀጣል፣ በኋላ ተጋብተናል ማለት ከወንጀሉ ነፃ አያወጣም።

ስለዚ ድሮም የኛ ነው ወይስ ከነሱ መጣ ለሚለው፣ ሁለታችንም ቤት ነበር። ሽማግሌ ቁጭ ብሎ "ያው ተጋብተዋል፣ ነገር አይብዛ" ሲል እኔ ራሴ ሰምቻለሁ፣ ሕጉ ከወጣ ከብዙ ዓመት በኋላ። ፋትማጉል ላይ የወደድኩት ልጅቷ በመጨረሻ ፍርድ ቤት ቆማ መናገሯን ነው። ያልወደድኩት ኬሪምን ማፍቀሯን ነው፣ ልጁ እንዳልነካት ታሪኩ ቢነግረንም እዛ ቦታ የነበረ ሰው ነው። ሚሊዮን ሴት እያየ ትዕግስት ካደረግሽ በግድ የተዳርሽለት ሰው ውዱ ባልሽ ይሆናል የሚል ነገር ማስተላለፉ ይከብደኛል።

የእህትሽ እጮኛ እስካሁን በጻፍሽው ወንጀል ሰርቷል ማለት አልችልም። ግን ቢሯችን የሚመጡት ሴቶች ሲተርኩ ሁሌ ከስልክ ነው ሚጀምሩት።

ሚሚ_ሆጤ

እኔ 20 ዓመቴ ነው እና ኤሚርን ከሚወዱት ነኝ፣ ስለዚ እህትሽን ትንሽ ሚረዳት ሰው እኔ እሆናለሁ ብዬ ነው ምጽፈው። ካን ኡርጋንጅኦግሉ በጣም ነው አሳምሮ የሰራው፣ ድራማው እኮ በ2017 እ.ኤ.አ ኢንተርናሽናል ኤሚ የተሸለመ ነው። ኤሚር አባቱ ፍቅር ሰጥቶት አያውቅም፣ በዚ አለም ላይ የሚፈልገው አንድ ሰው ነው፣ እኛ እድሜ ላይ ሆነሽ አንድ ሰው እንደዛ ሙጭጭ ብሎ ቢፈልግሽ ደስ አይልም ካልሽ ትዋሻለሽ። እቤት ማንም ምንም አይጠይቅሽም፣ ዶርም ማንም ደረስሽ አይልሽም፣ አንድ ሰው ግን የት ነሽ ይልሻል። መጀመሪያ ላይ እንክብካቤ ነው ሚመስለው። ስለዚ እህትሽን ሞኝ ናት አትበያት፣ ትዘጋብሻለች።

ግን ባለፈው ክረምት ሙሉውን ከመጀመሪያ ጀምሬ አየሁት፣ በልጅነቴ አይደለም አሁን። እና ምን እንዳየሁ ታውቂያለሽ? ቲክቶክ ላይ ያሉት ቪድዮዎች የኒሀንን ፊት ቆርጠውታል። ኤሚር ሲያያት ያሳያሉ፣ አይኑ እንባ ሲሞላ ያሳያሉ፣ ዘፈኑ ከፍ ይላል፣ ያልቃል። ድራማው ላይ ግን ካሜራው ወዲያው ወደ ኒሀን ይዞራል። ትንፋሿን ይዛለች። እሱ ክፍሉ ውስጥ ሲገባ ትከሻዋ ወደ ላይ ይወጣል። ኒሀን አንድም ቀን ወዳው አታውቅም፣ ልጇን ሳይቀር መያዣ ነው ያደረገባት። እኔ ለአራት ዓመት ላይክ ሳደርግ የነበረው ግማሹን ነው።

ስለዚ አንድ ክፍል ሙሉውን አብራችሁ እዩ፣ አስተያየት አትስጪ፣ ኤሚርን ሳይሆን ኒሀንን እዪ ብቻ በያት።

ደሞ ቱርኮቹም ዝም ብለው አያዩትም ለማለት ያህል፣ በ2023 እ.ኤ.አ ክዝልጅክ ሼርበቲ ሚባለው ድራማ ላይ አባቷ በግድ የዳራትን ልጅ ኑርሴማን ባሏ በሰርጓ ሌሊት በመስኮት ሲወረውራት አሳዩ፣ የሀገሪቱ የብሮድካስት ተቆጣጣሪ አምስት ክፍል እንዳይተላለፍ ቀጣው። ግማሹ ሰው ልክ ነው አለ፣ ግማሹ ደግሞ በየቀኑ የሚሆነውን ማሳየት ምኑ ነው ጥፋቱ አለ። እኔ ከሁለተኞቹ ጋር ነኝ፣ እዛ ትዕይንት ላይ ሰውየውን ቆንጆ ሊያስመስሉት አልሞከሩም፣ ዘፈንም አላስገቡለትም። እንደዛ ከሆነ ይታይ።

የጦሳ_ልጅ (ደሴ)

ሁላችሁንም ከልቤ አመሰግናለሁ፣ ሳልመልስ የቆየሁት እህቴ ለእረፍት እስክትመጣ ስለጠበቅኩ ነው።

ሚሚ ያልሽኝን አደረግኩ። ማታ እናቴ ከተኛች በኋላ አብረን አየን፣ የመረጠችው እሷ ናት። ኒሀንን ብቻ እዪ አልኳት ከዛ ምንም አልተናገርኩም። መጀመሪያ ስልኳን እየነካካች ነበር። አንድ ቦታ ላይ ኤሚር ከኋላዋ መጥቶ ትከሻዋን ሲይዛት እህቴ ስልኩን አስቀመጠችው። ሲያልቅ ዝም አለች፣ እኔም ዝም አልኩ። ከዛ ስለ ድራማው ሳይሆን ስለ ትምህርቷ ማውራት ጀመረች፣ የላብ ግሩፗ ውስጥ ወንዶች ስላሉ እሱ አልወደደውም፣ ስለዚ ከነሱ ጋር መስራት አቁማ ብቻዋን ነው ምትሰራው፣ ውጤቷ ወርዷል። ይሄን ለማንም አልነገረችም ነበር። "እንዳይከፋው ብዬ ነው" አለችኝ፣ ሁለት ጊዜ ደጋገመችው።

ልተወው አላለችም፣ እኔም ተዪው አላልኳትም። ግሩፗ ጋር ልመለስ ብላለች፣ የስልኳን ኮድም ልትቀይር ነው፣ ደብቃ ሳይሆን ነግራው። እናቴን ደግሞ የእትዬ ኡሙ ሀያትን ጽሁፍ አነበብኩላት፣ ማዳሟ ስሜን ጠርቶኝ አያውቅም ያለችው ጋር ስደርስ አስቁማኝ ድገሚው አለችኝ። ሌላ ምንም አላለችም፣ ጠዋት ግን ሽማግሌው ትምህርቷን እስክትጨርስ ቢቆይስ ብላ ራሷ ጀመረች።

አንድ ነገር ልጠይቅ፣ ኮዱን መቀየሯን በስልክ ትንገረው ወይስ በአካል?

ጠበቃ_ነኝ_ግን

በአካል ከሆነ ሰው ያለበት ቦታ ይሁን። ካፌ፣ በቀን። አንቺም ቅርብ ሁኚ፣ እዛው ጠረጴዛ ላይ ባትቀመጪም።

ኡሙ_ሀያት (ሸዋ በር)

ልክ ነው ያለው። እኔ ደሞ እዚሁ ቤታችሁ ትንገረው ነው ምለው፣ እናትሽ ጓዳ ሆና፣ ቡና እየፈላ። በሰው ቤት ድምፁን ያነሳ እንደሆነ ቤቱ ሲገባ ምን እንደሚሆን ታዩታላችሁ። ደህና ልጅ ከሆነም ይከፋዋል ግን ቁጭ ብሎ ቡናውን ይጠጣል፣ ያን ጊዜ እኔም ዱዓ አደርግላቸዋለሁ። ሰፈሩን ማስጠየቁን አትርሺ፣ የት ነው ያደገው? በርበሬ ወንዝ አካባቢ ከሆነ የማውቃቸው ሰዎች አሉ፣ በውስጥ መስመር ጻፊልኝ።